የሚሰማ ሙዚቃ ሳይኖር ጥሩ ሬድዮ መምረጥ

በዚህ ዓመት ደጋግመው ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች አንዱ «ጥሩ የኤፍ ኤም ቱነር ልገዛ ነው፤ የትኛውን ትመክረኛለህ?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼና የእነርሱ ወዳጆች ናቸው። አንዱ ከአሜሪካ ዕቃ ልታመጣለት ፈቃደኛ የሆነች እህት አለችው። ሌላዋ ከአባቷ የወረሰችው አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች አሏት፤ የጎደላት ቱነሩ ብቻ ነው። ሦስተኛው የመኪናው ሬድዮ አንዳንዶቹን የከተማዋን ጣቢያዎች አልይዝ ብሎት የተማረረ ነው። ለሁሉም የምሰጠው መልስ በሌላ ጥያቄ ይጀምራል። ለመሆኑ ምን ልትሰሙበት ነው?

ነገሩ ተራ የዕቃ ምርጫ ይመስላል። ወደ ውስጥ ሲገቡበት ግን ስለ ከተማችን የአየር ሞገድ አጠቃቀም ብዙ የሚናገር ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። ድምፅ አጥርቶ የሚያወጣ ቱነር የሚፈልግ ሰው ሙዚቃ መስማት የሚፈልግ ሰው ነው። ዜናና የእግር ኳስ ትንተና ለመከታተል በእጅ የምትያዝ ትንሽ ሬድዮ ወይም የጆሮ ማዳመጫ የተሰካበት ሞባይል ይበቃል። ስለዚህ «የትኛውን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ «የሙዚቃ ጣቢያ አለን ወይ?» ከሚለው ተነጥሎ ሊመለስ አይችልም። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የጣቢያዎቹ ማነስ ለገዢው ምርጫውን ያቀልለታል፤ ወጪውንም ይቀንስለታል። ለአድማጩ ግን ከየትኛውም ሱቅ ሊገዛው የማይችለውን ነገር ያጎድልበታል።

<b>ሞገዱ ላይ ምን አለ?</b>

አዲስ አበባ ከኤፍ ኤም ጋር የተዋወቀችው ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሥርጭት በጀመረበት በ1992 ዓ.ም. ነው። የግል ጣቢያ ለመስማት ግን ተጨማሪ ዓመታት መጠበቅ ነበረባት፤ ሸገር 102.1 አየር ላይ የዋለው በ2000 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ጨምሯል። ዛሬ መዘውሩን ከግራ ወደ ቀኝ የሚያዞር ሰው አሐዱን በ94.3፣ የከተማ አስተዳደሩን ጣቢያ በ96.3፣ ኤፍ ኤም አዲስን በ97.1፣ ትርታን በ97.6፣ ፋናን በ98.1፣ ብስራትን በ101.1፣ ሸገርን በ102.1፣ አባይን በ102.9፣ የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽንን ሁለተኛ ጣቢያ በ104.7፣ ኢትዮ ኤፍ ኤምን ደግሞ በ107.8 ያገኛል። ሌሎችም አሉ።

ቁጥሩ የሚናቅ አይደለም። ችግሩ ቁጥሩ የጨመረውን ያህል ዓይነቱ አለመጨመሩ ነው። አንድ ተራ ማክሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መዘውሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሬ ነበር። በአንዱ የአውሮፓ እግር ኳስ ዝውውር ይተነተናል። በሌላው ስለ ትዳር ችግር የተላከ ደብዳቤ ይነበባል። በሦስተኛው የባንክ ማስታወቂያ፣ ቀጥሎ የሪል ስቴት ማስታወቂያ፣ ቀጥሎ የስፖንሰሮች ምስጋና ይሰማል። በአራተኛው ዜና አለ። ሙዚቃ ያገኘሁት በሁለት ጣቢያዎች ነው። አንደኛው ዘፈኑን አዝማቹ ላይ ሳይደርስ ቆርጦ ወደ ስልክ መስመር ተመለሰ፤ ሌላኛው ዘፈኑን ዝቅ አድርጎ አዘጋጁ በላዩ ላይ ያወራበት ነበር። ዘፈኑ እዚያ የተገኘው ሊደመጥ ሳይሆን ንግግር እስኪመጣ ክፍተት ሊሞላ ነው።

እርግጥ ነው፣ በሳምንቱ መጨረሻ በአንዳንድ ጣቢያዎች ሙዚቃን በቁም ነገር የሚያቀርቡ ሰዎች አሉ። የድሮ ሸክላዎችን ታሪክ እየተረኩ፣ የግጥምና የዜማ ደራሲውን ስም እየጠሩ፣ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው የሚያስደምጡ ፕሮግራሞችን እኔም እከታተላለሁ። እነዚህ ግን ፕሮግራሞች ናቸው፤ ጣቢያ አይደሉም። ሰዓታቸውን ጠብቀው ካልተገኙ ያልፋሉ፤ ስፖንሰራቸው ከሸሸ ደግሞ ይጠፋሉ።

ሩቅ ሳንሄድ ናይሮቢን እንመልከት። ካፒታል ኤፍ ኤም 98.4 እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዘመኑ ሙዚቃ የሚታወቅ ጣቢያ ነው። ክላሲክ 105 ደግሞ መታወቂያው የድሮ ዘፈኖች ናቸው። ሁለቱም ጠዋት ጠዋት ብዙ ያወራሉ፣ ማስታወቂያም አያንሳቸውም። ሆኖም አድማጩ መዘውሩን ሲያዞር የት ምን እንደሚያገኝ ያውቃል። የእኛ አድማጭ ይህን የሚያውቀው ስለ አዘጋጆች እንጂ ስለ ጣቢያዎች አይደለም።

<b>ለአዲስ አበባ የሚሆን ቱነር</b>

ወደ ዕቃው እንምጣ። በቱነር መግለጫ ላይ የሚደረደሩት መለኪያዎች ብዙ ናቸው። እኛ ባለንበት ሁኔታ ግን በደንብ ሊታዩ የሚገባቸው ሦስቱ ናቸው።

የመጀመሪያው ደካማ ሞገድ የመያዝ አቅም ነው። ሻጮች ብዙ የሚያወሩለት ይህ ነው፤ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ግን ከሁሉም ያነሰ ዋጋ ያለው ይህ ነው። የቴሌቪዥንና የሬድዮ አንቴናዎች የተተከሉበት የፉሪ ተራራ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። አብዛኛው የከተማዋ ክፍል ከእርሱ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል። የኤፍ ኤም ሞገድ ደግሞ እንደ ዓይን እይታ ቀጥታ መስመርን ተከትሎ ስለሚጓዝ ተራራው የሚታየው ሰፈር ሞገዱ በቀላሉ ይደርሰዋል። በአሜሪካ የቱነር ወዳጆች ዘንድ እስከ ዛሬ የሚወደሱት እንደ ማኪንቶሽ ኤም አር 78 ያሉ የ1970ዎቹ ዕቃዎች ዝናቸውን ያተረፉት በአየሩ መጨናነቅ ውስጥ ከጠንካራ ጣቢያ አጠገብ ያለውን ደካማ ጣቢያ ለይተው በማውጣታቸው ነው። እዚህ እንዲህ ያለ ጣቢያ ፍለጋ ገንዘብ ማፍሰስ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሁለተኛው ጎረቤት ጣቢያዎችን የመለየት አቅም ነው። የጣቢያዎቻችን ማነስ ለገዢው በጎ ሆኖ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ከላይ የዘረዘርኳቸውን ቁጥሮች ልብ ብላችሁ እዩዋቸው። ይበልጥ የተቀራረቡት 97.1፣ 97.6 እና 98.1 ናቸው፤ በመካከላቸውም 500 ኪሎ ኸርዝ አለ። አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ በአየር ላይ የሚይዘው ቦታ በግምት 200 ኪሎ ኸርዝ ነው። ስለዚህ በጣቢያዎቹ መካከል ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው። በተጨናነቁ ከተሞች ጎረቤት ጣቢያን ለመከላከል ጠባብ ማጣሪያ ያለው ቱነር ይመረጣል። ጠባብ ማጣሪያ ግን ጎረቤትን ሲያስወግድ ከሚፈለገው ጣቢያም ጫፍ ጫፉን ይቆርጣል፤ ድምፁ ይዛባል፣ የስቴሪዮው ግራና ቀኝ መለያየትም ይቀንሳል። ሰፊው ማጣሪያ ጣቢያውን በሙላት ያሳልፈዋል። እኛ ያለ ስጋት ሰፊውን መጠቀም እንችላለን። ቱነሩ «ሰፊ» እና «ጠባብ» የሚል ማዞሪያ ካለው በሰፊው ላይ ተዉት። ከሌለውም አትጨነቁ፤ መካከለኛ ደረጃ ያለው ቱነር ለ500 ኪሎ ኸርዝ ርቀት ይበቃል።

ሦስተኛውና ለእኛ ዋነኛው የተንጸባረቀ ሞገድን የመቋቋም አቅም ነው። ከፉሪ የተነሳው ሞገድ ቀጥታ ወደ ቤታችን ይመጣል፤ እንደገና ደግሞ ከእንጦጦ ወይም ከአንድ ረጅም ሕንፃ ላይ ተላግቶ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለቱ ሲደራረቡ ድምፁ ይሻክራል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ዘፋኙ «ሰ»ን እና «ሸ»ን ሲጠራ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚረጭ ድምፅ ይሰማል፤ የቫዮሊንና የክራር ድምፅም ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው ይህን የጣቢያው ወይም የስፒከሩ ጥፋት ያደርገዋል። የከተማዋ ሕንፃዎች እየረዘሙ ሲሄዱ ችግሩም አብሮ ይሄዳል፤ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን ከ200 ሜትር በላይ ቁመት አለው። በቱነሩ መግለጫ ላይ ይህን የሚነግራችሁ «ካፕቸር ሬሾ» የሚባለው ቁጥር ነው። በዴሲቤል ይጻፋል፤ ሲያንስ ይሻላል። ከ1 እስከ 1.5 ዴሲቤል ያለው ጥሩ ነው።

በለቡና በጀሞ አካባቢ፣ ማለትም በተራራው ግርጌ ለሚኖሩ ደግሞ የተገላቢጦሽ ችግር አለ። ሞገዱ ከመጠን በላይ ስለሚበረታ ቱነሩ ይደናበርና አንዱን ጣቢያ በሁለትና በሦስት ቦታ ያሳያል። «ሎካል» እና «ዲስታንስ» የሚል ማዞሪያ ያለው ቱነር ለእነርሱ ይጠቅማል፤ በ«ሎካል» ላይ ያድርጉት።

እንግዲህ የትኛው ይገዛ? እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ የተሠሩት የኬንውድ፣ የፓዮኒር፣ የያማሃ፣ የሳንሱይ፣ የቴክኒክስና የሶኒ ቱነሮች መካከለኛ ደረጃቸው እንኳ ለዚህ ከተማ ከበቂ በላይ ነው። ስም ያወጡትና ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው ትልልቆቹ አያስፈልጉም። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ግን ዕድሜው አርባ ዓመት መሆኑን አትርሱ። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሊደርቁ ይችላሉ፣ ማስተካከያውም ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ለጥገና የምትመድቡትን ገንዘብ ከግዢው ዋጋ ጋር አብራችሁ አስቡት። ያገለገለ ዕቃ የማይወድ ደግሞ የዛሬዎቹን ትንንሽ ዲጂታል ሬድዮዎች ይሞክር። እንደ ቴክሰን ያሉት በአንዲት ቺፕ ላይ የተሠራ ማጣሪያ ይዘው ይመጣሉ፤ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰሙ ብዙ የድሮ መካከለኛ ቱነሮችን ያስንቃሉ።

<b>ከአሜሪካ ወይስ ከአውሮፓ?</b>

ዘመድ ዕቃ የሚያመጣለት ሰው ብዙ ነው። «ከየትም ይምጣ» ብሎ መተው ግን ስህተት ላይ ይጥላል። ከአሜሪካ የሚመጣ ቱነር ሦስት እንቅፋቶች አሉበት።

አንደኛው ኤሌክትሪኩ ነው። የእነርሱ 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት ነው። ትራንስፎርመር ሳይኖር አንዴ ብትሰኩት ያለቀለት ነው። ሁለተኛው የቁጥር አዘላለሉ ነው። በአሜሪካ ጣቢያዎች የሚመደቡት ጎዶሎ አሥረኛ ባላቸው ቁጥሮች ላይ ስለሆነ ለዚያ ገበያ የተሠሩ ብዙ ዲጂታል ቱነሮች በ200 ኪሎ ኸርዝ ይዘላሉ፤ ከ97.5 ቀጥሎ 97.7 ነው። 97.1ን፣ 98.1ን እና 102.1ን በትክክል ይይዛሉ። 97.6 እና 107.8 ላይ ግን ሊቆሙ አይችሉም፤ ጎን ላይ ቆመው የተዛባ ድምፅ ያሰማሉ። መርፌው በመስታወት ላይ የሚሄድ የድሮ ባለ መዘውር ቱነር ይህ ችግር የለበትም። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የኤፍ ኤም ጣቢያ ቀጭኑን ድምፅ ከፍ አድርጎ ይልካል፤ ቱነሩ መልሶ ዝቅ ያደርገዋል፤ በዚህም ሽሽታው ይቀንሳል። የዝቅታው መጠን በአሜሪካ 75 ማይክሮ ሰከንድ፣ በአውሮፓና በአፍሪካ 50 ማይክሮ ሰከንድ ነው። የአሜሪካ ቱነር እዚህ ሲሰማ ቀጭኑን ድምፅ ከሚገባው በላይ ያፍነዋል፤ በ10 ኪሎ ኸርዝ ላይ ልዩነቱ ወደ 3 ዴሲቤል ይደርሳል። ጸናጽሉና የማሲንቆው ጭረት የደበዘዙ ይመስላሉ። አንዳንድ ቱነሮች ከጀርባቸው ይህንን የሚቀይር ማዞሪያ አላቸው፤ ዘመድ ከመግዛቱ በፊት ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ።

ከአውሮፓ የሚመጣው ከሦስቱም ነፃ ነው። ቮልቱ ይስማማል፣ አዘላለሉ በ50 ወይም በ100 ኪሎ ኸርዝ ነው፣ 50 ማይክሮ ሰከንዱም የእኛው ነው። ጊዜውም አመቺ ነው። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2017 አገር አቀፍ ጣቢያዎቿን ከኤፍ ኤም አውጥታ ወደ ዲጂታል ሬድዮ አዛውራለች። የስዊዘርላንድ የሕዝብ ማሰራጫም እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የኤፍ ኤም ሥርጭቱን ዘግቷል። በእነዚህ አገሮች የሚኖር ዘመድ ያለው ሰው እዚያ ሥራ እየፈታ ያለውን ጥሩ ቱነር ሊጠይቅ ይችላል። እነርሱ ጓዳ የሚወረውሩት እኛ ዘንድ ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግል ነው።

<b>የመኪናው ሬድዮ</b>

ጣቢያዎችን አልይዝ ያለው የወዳጄ መኪና ከጃፓን ገበያ በዱባይ በኩል የመጣ ቪትዝ ነው። ሬድዮው አልተበላሸም። በጃፓን የኤፍ ኤም ሬድዮ ለብዙ ዘመን ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ብቻ ነበር፤ የቅርብ ጊዜዎቹ እስከ 95 ይደርሳሉ። የእኛ ጣቢያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚያ በላይ ናቸው። መፍትሔ ተብሎ በአንቴናው ገመድ ላይ የሚገጠመው ትንሽ ሣጥን ሞገዱን ወደ ታች ያወርደዋል። ለምሳሌ በ20 ሜጋ ኸርዝ የሚያወርድ ከሆነ 97.1 በ77.1 ላይ፣ 102.1 በ82.1 ላይ፣ 107.8 በ87.8 ላይ ይሰማል። 94.3 ግን ወደ 74.3 ስለሚወርድ ከሬድዮው ክልል ውጭ ይሆናል። ሹፌሩ ያ ጣቢያ ተዘግቷል ብሎ ያስባል። ከዚህም በላይ ርካሾቹ ሣጥኖች የራሳቸውን ሽሽታ ይጨምራሉ። በመኪናው ሙዚቃ መስማት የሚፈልግ ሰው ሬድዮውን ራሱን ቢቀይር ይሻለዋል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ የሚመጡትን የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚገዛ ሰውም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሬድዮውን ከፍቶ 94.3ን እና 107.8ን ይሞክር። ሁለቱን ከያዘ ሌላውን ይይዛል።

<b>ከቱነሩ በፊት አንቴናው</b>

በዚህ ጽሑፍ አንድ ምክር ብቻ ይዛችሁ ሂዱ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። ገንዘባችሁን ከቱነሩ በፊት አንቴናው ላይ አውሉ። የረከሰ ቱነር በጥሩ አንቴና፣ ውድ ቱነር ከጀርባው በተንጠለጠለች ቁራጭ ሽቦ ከሚያሰማው የተሻለ ያሰማል።

ለቤት የሚሆነው ቀላሉ አንቴና የቲ ቅርጽ ያለው ባለ ሁለት መስመር ጠፍጣፋ ሽቦ ነው። የአግድሙ ርዝመት በግምት 1.45 ሜትር ሲሆን ለባንዱ መካከል ይስማማል። ግድግዳ ላይ ወይም ከመጋረጃ ጀርባ ተዘርግቶ ይሰቀላል፤ ሰፊው ጎኑ ወደ ፉሪ መዞር አለበት። ጫፎቹ ሞገድ አይቀበሉም፤ ይህም ጥቅም አለው። አንደኛው ጫፍ ነጸብራቅ ወደሚያመጣው ሕንፃ እንዲያይ ትንሽ በትንሽ ማዞር ብቻውን የሚንቀጠቀጠውን «ሰ» ሲያጠራው ሰምቻለሁ። በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ብረት የበዛበት ኮንክሪት ሞገዱን ስለሚያፍን በረንዳው ላይ ሞክሩት። በግል ግቢ ያላችሁ ጣራ ላይ አቅጣጫ ያለው አንቴና መትከል ትችላላችሁ፤ ክረምት ሳይገባ ግን ከመሬት ጋር የሚያያዘውን ሽቦ አስገጥሙ፤ የአዲስ አበባ መብረቅ ቀልድ አያውቅም።

አንቴናው ተስተካክሎም ሽሽታ ካለ ከቤታችሁ ጠላቱን ፈልጉ። ርካሽ የሞባይል ቻርጀሮችና አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖሎች የኤፍ ኤም ሞገድን ይረብሻሉ። አንድ በአንድ ነቅላችሁና አጥፍታችሁ አዳምጡ። በመጨረሻም ሙዚቃው እየሻከረ ካስቸገራችሁ የስቴሪዮውን ማዞሪያ ወደ ሞኖ መልሱት። ስቴሪዮ ከሞኖ ይበልጥ ጠንካራ ሞገድ ይፈልጋል። የጠራ ሞኖ ከሚንሾካሾክ ስቴሪዮ ይሻላል።

<b>ዕቃ የማይፈታው</b>

እስከ አሁን ያልኩት ሁሉ ተደርጎ፣ ቱነሩ ከስዊዘርላንድ መጥቶ፣ አንቴናው ወደ ፉሪ ዞሮ፣ ቻርጀሩ ተነቅሎ ምን ይሰማል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይመጣል።

የኤፍ ኤም ሬድዮ እስከ 15 ኪሎ ኸርዝ ድረስ ያለውን ድምፅ በጥሩ ሁኔታ ያደርሳል፤ ለአብዛኛው ጆሮ ይህ በቂ ነው። ቱነሩ ጥሩ ሲሆን የሚገለጠው ግን የምንጩ ጉድለት ነው። ከካሴት የተቀዳ፣ ከዚያ ተጨምቆ የተቀመጠ፣ ከዚያ ከኢንተርኔት ወርዶ እንደገና የተጨመቀ ዘፈን በጥሩ ቱነር ሲሰማ ቁስሉ ሁሉ ይታያል። በዚያ ላይ ጣቢያው ከጎረቤቱ ጎልቶ እንዲሰማ ብሎ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ድምፅ ወደ አንድ ደረጃ ያመጣዋል። ዘፋኙ በለሆሳስ የጀመረውና በጩኸት የጨረሰው እኩል ይሆናል።

ይህ የሚሆነው ጥሩ ቅጂ ጠፍቶ አይደለም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ማሳተም የጀመራቸው ሸክላዎች፣ ካይፋ ያሳተማቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም በፈረንሳይ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ እንደገና የወጡት ሥራዎች አሉ። የጥላሁን ገሠሠን፣ የማህሙድ አህመድን፣ የሙላቱ አስታጥቄን ሥራ የፓሪስና የለንደን አድማጭ በጥሩ ቅጂ ያዳምጣል። የተፈጠረባት ከተማ ነዋሪ ግን በሬድዮው ቁራጩን ይሰማል።

ለምን እንዲህ ሆነ? የመጀመሪያው ምክንያት ኢኮኖሚው ነው። ብዙ ጣቢያዎች የአየር ሰዓታቸውን ለተባባሪ አዘጋጆች ይሸጣሉ። ተባባሪ አዘጋጁ የገዛበትን ከነትርፉ ከስፖንሰር ማግኘት አለበት። ስፖንሰሩ የሚከፍለው ስሙ ቶሎ ቶሎ እንዲነሳ ነው። ንግግር በየመሐሉ የስፖንሰር ስም ለማስገባት ይመቻል። ሰባት ደቂቃ የሚወስድ ትዝታ ግን ሰባት ደቂቃ ዝምታ ነው። አዘጋጁን አልወቅሰውም፤ ስሌቱ ወደዚያ ይገፋዋል።

ሁለተኛው የፈቃድ አሰጣጡ ነው። የ1999ኙ የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ጣቢያዎችን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በባለቤትነትና በዓላማ ይከፍል ነበር። በ2013 ዓ.ም. የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ተተካ። በ2017 ዓ.ም. ይኸው አዋጅ ሲሻሻል የነበረው ክርክር በአብዛኛው ያተኮረው በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሥልጣንና በአመራሩ አሿሿም ላይ ነበር። ያ ክርክር ተገቢ ነው፤ የፕሬስ ነፃነት ጉዳይ ነውና። ነገር ግን ውስን የሆነው የአየር ሞገድ የሕዝብ ሀብት ከሆነ ሀብቱ ላይ ምን እየተዘራ እንደሆነ መጠየቅም የሕዝብ መብት ነው። አሥር ጣቢያዎች አንድ ዓይነት ነገር ሲያወሩ ዘጠኙ ሞገዶች ባክነዋል።

ሦስተኛው የሙያተኛው ክፍያ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሎ የባለመብቶች ክፍያ በጋራ የሚሰበሰብበት መንገድ ተቀይሷል። እንዲህ ያለው ክፍያ በአግባቡ ሊሠራ የሚችለው ጣቢያው ምን ዘፈን፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ እንዳሰማ መዝግቦ ሲይዝ ነው። ዘፈን ክፍተት መሙያ በሆነበት ቤት መዝገብ የሚይዝ የለም። መዝገብ በሌለበት ደግሞ ዘፋኙም ጣቢያውን እንደ ባለውለታ ሳይሆን እንደ ቀማኛ ማየቱ አይቀርም።

«ማን ሬድዮ ይሰማል? ሙዚቃው በዩቲዩብና በቴሌግራም አለ» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው፤ ወጣቱ ወደዚያ ሄዷል። ይሁንና ዳታ በየወሩ ገንዘብ ይጠይቃል። መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቋረጥ በባትሪ የሚሠራው ሬድዮ ይቀጥላል። የታክሲ ሹፌሩ፣ ባለ ሱቁ፣ ልብስ ሰፊውና በየቤቱ ኩሽና የምትሠራዋ ሴት እጃቸው ሥራ ላይ ነው፤ የሚያገለግላቸው ሬድዮ ነው። ከዚህም በላይ ቴሌግራም የምታውቀውን ዘፈን ይሰጥሃል፤ ጥሩ የሙዚቃ ጣቢያ ግን የማታውቀውን ያስተዋውቅሃል።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። ከአንድ በላይ ፍሪኩዌንሲ ያለው የሕዝብ ማሰራጫ አንዱን ለሙዚቃ ቢያውለው አዲስ ሞገድም አዲስ ማሰራጫም አያስፈልግም፤ ለአሥርት ዓመታት የተከማቸው የሬድዮ ክርም ከመደርደሪያ ወደ አየር ይወጣል። የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንም ቀጣዩን የኤፍ ኤም ፈቃድ ለውድድር ሲያቀርብ ለተወዳዳሪው ሦስት ጥያቄ ቢያስቀምጥ ብዙ ይለወጣል። ከ24 ሰዓት ስንቱን ለሙዚቃ ታውላለህ? ዘፈኑን ሳትቆርጥ ታስደምጣለህ ወይ? ያሰማኸውን መዝግበህ ለባለመብቱ ትከፍላለህ ወይ? ሦስቱን በጽሑፍ የመለሰ ፈቃዱን ያግኝ፤ ቃሉን ያጠፈ ደግሞ ሲታደስለት ይጠየቅበት።

እስከዚያው ድረስ ለሚጠይቁኝ የምሰጠው ምክር አጭር ነው። ትልቁን ቱነር አትግዙ። መካከለኛውን ከአውሮፓ አስመጡ፣ አንቴናውን አስተካክሉ፣ የተረፈውን ገንዘብ ለሙዚቀኞቻችን ሕጋዊ ሲዲና አልበም አውሉት። ጥሩ ሙዚቃ የሚያቀርበውን አዘጋጅም ስልክ ደውሉና አመስግኑት። ስፖንሰሩ የሚሰማው የአድማጭን ስልክ ነውና ለከርሞ አየር ላይ የሚያቆየው ያ ሊሆን ይችላል።